ለረዳት ፕሮፌሰርነት ማመልከቻ፦ የዲክንሰንን ግጥም ከየትኛው እትም ልጥቀስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ለአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ መምህርነት ላመለክት ነው። ከማመልከቻው ጋር የማያይዘው የጽሑፍ ናሙናዬ አሜሪካዊቷ ገጣሚ ኤሚሊ ዲክንሰን በግጥሞቿ መሃል በምታስገባቸው ሰረዞች (—) ላይ ሲሆን ግጥሞቹን የወሰድኩት በነፃ ከሚገኘው የ1890 እትም ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ ያውም ትልቅ ችግር! በ1886 ከሞተች በኋላ ግጥሞቹን ያሳተሙት አዘጋጆች ሰረዞቿን አብዛኛውን አንስተዋል፤ ቤት እንዲመታም ቃላት ቀይረዋል። ሞት በሠረገላ የሚመጣበትን ግጥም እንኳ ርዕስ ሰጥተው አራተኛውን አንጓ ቆርጠውታል። እና የማንን ሰረዝ ነው የምትተነትነው? ሰረዞቿን የጠበቀውን፣ ፍራንክሊን ያዘጋጀውን የ1998 እትም ተጠቀም። እሱና የ1955ቱ እትም አዘጋጅ ጆንሰን ለግጥሞቹ የሰጧቸው ቁጥሮች እንዳይደባለቁብህ፤ ይኸው ግጥም በጆንሰን 712፣ በፍራንክሊን 479 ነው።

መልስ፦ ሰረዝ ከሆነ ጉዳይህ የታተመው አይበቃም። በእጅ ጽሑፏ አንዳንዱ ሰረዝ ወደ ላይ፣ አንዳንዱ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ርዝመቱም ይለያያል። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲና በአምኸርስት ኮሌጅ ያሉት የእጅ ጽሑፎቿ ምስል ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይታያል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የገጹንም ገደብ አትርሳ። የሥራ ማስታወቂያው 20 ገጽ ካለ 20 ነው፤ ፊደል አሳንሶ ማጨቅ ያስታውቃል። ከመመረቂያ ጽሑፍህ የተቆረጠ ከሆነ ከየትኛው ምዕራፍ እንደመጣ በሁለት መስመር መግቢያው ላይ ግለጽ።