«ፑሌት» ቄብ ናት ወይስ ሌላ ስም አላት?

የዶሮ እርባታ መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አንድ ቃል ላይ ተገትሬ ቀረሁ። «ፑሌት» ይላል። «ቺክ»ን ጫጩት፣ «ሄን»ን እናት ዶሮ፣ «ሩስተር»ን አውራ ዶሮ ብዬ በቀላሉ አልፌያለሁ። ፑሌትንም ቄብ አልኳት፤ ደስም ብሎኝ ነበር፣ ምክንያቱም ቄብ ማለት ለመጣል የደረሰች ግን ገና ያልጣለች ዶሮ ናት።

ጣጣው የመጣው ትንሽ ዝቅ ስል ነው። «የፑሌት እንቁላል» የሚል አለ፤ መጀመሪያ ሰሞን የምትጥለውን ትንንሽ እንቁላል ማለቱ ነው። የቄብ እንቁላል ልበል? ከጣለችማ ቄብነቷ አበቃ እኮ! የእንግሊዝኛው መዝገበ ቃላት ደግሞ ፑሌትን ዓመት ያልሞላት ሴት ዶሮ ይላታል፣ ጣለች አልጣለች ግድ የለውም። «ወጣት ዶሮ» ብዬም ሞከርኩ፤ ወንዱንም ይጨምራል፣ እሱ ደግሞ «ኮከረል» የሚባል የራሱ ስም አለው።

ዝም ብዬ «ዶሮ» እንዳልል መኖው አለ። የእንቁላል ጣይ መኖ ካልሲየሙ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ነው፤ ገና ላልጣለችው 1 በመቶ ገደማ ይበቃታል፣ ሲበዛባት ኩላሊቷን ይጎዳል። ስሙ ከተምታታ መኖውም ይምታታል።

መጣል የጀመረችውን፣ ግን ዓመት ያልሞላትን ዶሮ እናንተ በአማርኛ ምን ትሏታላችሁ?