የድሮ ተጫዋቾቻችንንና ደጋፊዎቻችንን ልናመሰግን ነው፣ ምክር ካላችሁ

ማልያ 11 (ጠያቂ)፦
ሰላም ቤተሰብ። ፒያሳና አራት ኪሎ መሃል ካለ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወጣን ልጆች ነን። ግንቦት ላይ የትምህርት ቤታችንን የድሮ ስፖርተኞች ልናመሰግን አስበናል። እግር ኳስም፣ መረብ ኳስም፣ ሩጫም። ደጋፊዎቹንም ጨምረን። ደጋፊ ስል አንድ ቀን መጥቶ ያጨበጨበውን ሁሉ ማለቴ አይደለም። በር ላይ ቆሎ የሚሸጡ እናት ነበሩ፤ ልጆቹ ጃንሜዳ ጨዋታ ካላቸው ገበያቸውን ትተው ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው እዚያ ይገኛሉ፣ ከተሸነፍን ቆሎው በነጻ ነው። የድሮው ጥበቃችንም አሉ። የዕረፍት ቀናቸውን ሜዳ ዳር ያሳልፋሉ፣ ዳኛ ይሰድባሉ፣ ተማሪ ዳኛ ሲሰድብ ግን ይቆጣሉ።

ግራ የገባን እዚህ ላይ ነው። ማን ይመረጥ? ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ «ዋንጫ ያመጣ ብቻ» ይላል። ሰዎቹንስ ከየት እናግኛቸው? በ2016 ፒያሳ ለኮሪደር ልማቱ ሲፈርስ የሰፈሩ ሰው ተበትኗል፣ ያለን ስልክም አብዛኛው አይሠራም። ብሩ ደግሞ ትንሽ ነው፣ ምን ብንሰጥ ይሻላል? በሕይወት የሌሉትስ ነገር? ከዚህ በፊት ያዘጋጀ ሰው ካለ ይንገረን።

ጡረተኛው የስፖርት መምህር፦
ልጄ፣ «ዋንጫ ያመጣ ብቻ» የሚለውን ተዉት። የትምህርት ቤት ቡድን እንደ ክለብ አይደለም። ልጁ ሁለት ሦስት ዓመት ተጫውቶ ይወጣል፣ ዋንጫ የሚመጣው በስንት አንዴ ነው። በዚህ ከሄዳችሁ አንድ ባች ሸልማችሁ ወደ ቤት ትገባላችሁ። እኔ ብሆን በዘመን እከፍለው ነበር፤ የጃንሆይ ጊዜ፣ የደርግ ጊዜ፣ ከ1983 ወዲህ ያለው። ለየዘመኑ ቦታ ካልተያዘለት የኮሚቴ ሰው የራሱን ጓደኞች ብቻ ነው የሚያስታውሰው። ክፋት ኖሮት አይደለም፣ የሚያውቀው እነሱን ስለሆነ ነው።

ራሱን የሚጠቁም አይኑር። ለተጠቆመው ሰው አብሮት የተጫወተ አንድ ይመስክርለት፣ ቢገኝ ደግሞ በተቃራኒ የገጠመው። የተጋጣሚ ምስክርነት ዋጋ አለው፣ ማሞገስ አያስደስተውምና።

የውጤት ክርክር ከተነሳ ወመዘክር ሂዱ። የድሮ አዲስ ዘመን ጋዜጣ እዚያ አለ። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም ታገኛላችሁ። ግን ዓመቱንና ወሩን ሳትይዙ አትሂዱ። ጋዜጣው ከ1933 ጀምሮ የወጣ ነው፣ ዝም ብላችሁ ማገላበጥ ከጀመራችሁ ክረምት ይገባባችኋል። ከትምህርት ቤቱ የትብብር ደብዳቤ መያዙም አይከፋም።

የዕድር ጸሐፊ፦
ሰው ፍለጋው ላይ እኔ ልናገር። ሰፈር ሲፈርስ ዕድር አብሮ አይፈርስም። የእኛ አባላት ዛሬ በአራቱም አቅጣጫ ነው የሚኖሩት፣ ግን ወርሃዊውን ይከፍላሉ፣ ለቀብርም ይጠራራሉ። ስለዚህ የድሮ ሰፈራቸውን ዕድር ጸሐፊ ፈልጉ። «መዝገቡን ስጠን» ብትሉት እሺ አይላችሁም፣ ልክም ነው፣ የሰው ስልክ አደራ ነው። የምትፈልጓቸውን ሰዎች ዝርዝር ለሱ ስጡትና ደውሎ ይጠይቅላችሁ። ዝርዝሩ ላይ የድሮ ቅጽል ስማቸውን ጻፉ። የሰፈር ተጫዋችን በመዝገብ ስሙ የሚያውቀው ሚስቱ ብቻ ናት።

ቴሌግራም ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ስልክ ካነሳ ትልቅ ነገር ነው።

የመረብ ኳሷ፦
ሴቶቹን «በመጨረሻም» ብላችሁ እንዳታመጡን አደራ። የእኛ ጊዜ ቡድን ፎቶ እንኳ የለውም፣ የወንዶቹ ግን ግድግዳው ሙሉ ነው። ከመሃላችን ቤተሰብ ሳያውቅ የምንጫወት ነበርን። ቁምጣው ቦርሳ ውስጥ ተጠቅልሎ ይወጣል፣ ተመልሶም ተደብቆ ይታጠባል። አንዳንዶቻችን ዛሬ ሴት አያት ሆነን እንኳ መጫወታችንን ልጆቻችን አያውቁም። ስለዚህ ሁለት ነገር። ፎቶ የለም ብላችሁ አትዝለሉን፣ የስፖርት መምህሩ የሚያስታውሰውን ተቀበሉ። ደግሞ የሴትዮዋን ታሪክ መድረክ ላይ ከማንበባችሁ በፊት ራሷን ጠይቁ። ትስቅበት ይሆናል፣ ላትፈልገውም ትችላለች። ጥሪውን ግን ለልጆቿም ላኩ።

የፒያሳ ልጅ፦
ሀሳቡ ይመቻል፣ ደጋፊ መሸለም ግን ጣጣ አለው ወንድሜ። እኔ የወጣሁበት ትምህርት ቤት «አስጨፋሪ ነበርኩ» የሚለው ሰው ቢሰበሰብ ስታዲየሙን ይሞላል። መፍትሔው ቀላል ይመስለኛል። ደጋፊዎቹን ኮሚቴው ሳይሆን ተጫዋቾቹ ይምረጡ። 4 ለ 0 እየተሸነፍክ ዞር ብለህ ያየኸውን ሰው አትረሳውም። እነሱ «እሱ ነበር» ካሉ አለቀ።

ደሞ ደጋፊዎቹን መጀመሪያ ጥሯቸው። ተጫዋቾቹ ከተሸለሙ በኋላ አዳራሹ ወሬ በወሬ ይሆናል፣ የሚሰማ የለም።

ማልያ 11፦
ተጫዋቾቹ ይምረጡ የሚለውን ወድጄዋለሁ፣ ዛሬውኑ ለኮሚቴው አቀርበዋለሁ። መምህር፣ እርስዎ ያሉትን ሳነብ አንድ ነገር መጣብኝ። የዘመን ክፍፍሉን ከተከተልን የጃንሆይ ጊዜ ሰዎች በጣም ጥቂት ናቸው፣ የቀሩትም ደካሞች። እነሱን ምን እናድርጋቸው?

ጡረተኛው የስፖርት መምህር፦
ቀድማችሁ ቤታቸው ሂዱ። ግንቦትን አትጠብቁ። አሁን ያሉትን ተማሪዎች ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት መድቡና በስልክ ይቅረጿቸው። ጥር 1954 የአፍሪካ ዋንጫን ስንወስድ፣ ግብጽን 4 ለ 2 በጭማሪ ሰዓት ስንረታ፣ ሉቻኖ ቫሳሎንና መንግሥቱ ወርቁን ሁሉም ይጠራል። ይድነቃቸው ተሰማ አሠልጣኝ እንደነበሩም ይጻፋል። ያን ቀን ስታዲየም በር ላይ የዋለው ተማሪ፣ በማግስቱ ግቢ ውስጥ ጎሎቹን በጨርቅ ኳስ እየደገመ ያሳየው፣ እሱ የትም አልተጻፈም። እናንተ የምትፈልጓቸው ሽማግሌዎች እነዚያ ናቸው። ጥያቄውም «ስንት ጎል አገባህ» አይሁን። ማን ጫማ አዋሰህ፣ ከጨዋታ በኋላ ምን በላችሁ፣ እንዴት ተመለሳችሁ በሉ። የዚያን ጊዜ ወሬው ራሱ ይመጣል፣ ማቆም ነው የሚከብዳችሁ።

በዕለቱ መምጣት ለሚችሉት መኪና ያላችሁ ልጆች ሄዳችሁ አምጧቸው። ያ ሰፈር ዛሬ እንደ ድሮው መንገድ ዳር መኪና የሚቆምበት አይደለም፣ ግቢ ውስጥ አስገብታችሁ በር ላይ አውርዷቸው።

ማተሚያ ቤት የምትሠራ፦
ስጦታውን በተመለከተ፣ የፕላስቲክ ዋንጫ አትግዙ። አቧራ ነው የሚጠጣው። ለትልልቆቹ ጋቢ ይሁን፣ ሽሮ ሜዳ በብዛት ስትገዙ ይቀንሱላችኋል። ከዚያ በላይ ግን ማልያ። የድሮውን ቀለም አስታውሳችሁ፣ ስማቸው ከጀርባ ታትሞ፣ ለተጫዋቾቹ የለበሱት ቁጥር። ለደጋፊዎቹ በሙሉ 12 ቁጥር፣ ደጋፊ አሥራ ሁለተኛው ተጫዋች ነውና።

ስም በስልክ ተቀብላችሁ እንዳታሳትሙ። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ እያልን ስንት ሰርተፍኬት ደግመናል። መታወቂያውን ፎቶ አንስተው ይላኩላችሁ፣ ከመታተሙ በፊት ደግሞ ናሙናውን ለባለቤቱ ወይ ለልጁ አሳዩ። የድሮ ፎቶ ስትሰበስቡ ዋናውን ከቤታቸው ይዛችሁ አትውጡ። ከአልበም ላይም አትላጡት፣ ይቀደዳል። መስኮት አጠገብ አድርጋችሁ ያለ ፍላሽ በስልክ አንሱ፣ ጀርባውንም ጭምር። የፎቶ ቤቱ ማኅተም ወይም ቀን አንዳንዴ እዚያ አለ።

የእህት ልጅ፦
ስለሞቱት የጠየቅከውን ማንም አልመለሰልህምና እኔ ልሞክር። አጎቴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለትምህርት ቤቱ ቡድን በረኛ ነበር። በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት እንደወጣ ቀረ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ትምህርት ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ ልክ እንደናንተ ዓይነት ዝግጅት አደረገና ቤተሰብ ተጠራ። እናቴ ለእህትነቷ ተጋበዘች እንጂ ስለ ፎቶ ማንም አልነገራትም። የቡድኑ ፎቶ በትልቁ ስክሪን ወጣ፣ ከሥሩ ሙዚቃ፣ መድረክ መሪው ደግሞ «መስዋዕት የሆኑ ጀግኖቻችን» ምናምን እያለ። ጥላ ወጣች። ሳምንት ሙሉ አላናገረችንም።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ደውሉ። ከተቻለ ሂዱ። ፎቶው ይውጣ ወይ፣ አሟሟቱ ይነሳ ወይ፣ ማን ይቀበልለት ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ ቤተሰብ ሁሉም እንዲነገር ይፈልጋል፣ ሌላው ስሙ ብቻ ይበቃዋል። ደግሞ እባካችሁ የሞቱትን ለብቻ ዝርዝር አታድርጓቸው። መጀመሪያ ላይ አጭር የህሊና ጸሎት፣ ይበቃል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በየራሱ ይጸልያል። ከዚያ ቡድኑ ሲጠራ ከነጓደኞቹ ጋር በተራው ይጠራ፣ ቤተሰቡ ተነስቶ ይቀበል። አጎቴ ከእነዚያ ልጆች ጋር ነው የተጫወተው፣ ከእነሱ ተለይቶ መጠራት የለበትም።

ማልያ 11፦
ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥህ። የኛ ቡድን ፎቶ ላይም እንዲህ ያሉ ሁለት ልጆች እንዳሉ ሰምተናል። ቤተሰባቸውን ሳናገኝ ፎቶውን አንለጥፍም።

መድረክ መሪ ነበርኩ፦
ፕሮግራሙን የሚገድለው የክብር እንግዳ ጥበቃ ነው። ሽማግሌዎቹ ስምንት ሰዓት ተጠርተው ይመጣሉ፣ ባለሥልጣኑ አሥር ሰዓት ይደርሳል፣ ከዚያ ሦስት ንግግር። በሰዓቱ ጀምሩ። እንግዳው ሲደርስ ይድረስ፣ ወንበር አያጣም። የዳይሬክተሩ ንግግር አምስት ደቂቃ፣ አስቀድማችሁ በትህትና ንገሯቸው። የአሁኑ ቡድን ልጆች ማልያቸውን ለብሰው በሁለት ረድፍ ይቁሙና እንግዶቹ በመሃል እየተጨበጨበላቸው ይግቡ። ምንም ወጪ የለውም፣ ከጋቢውም በላይ የሚወራለት እሱ ይሆናል።

ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት ይሁን። እሁድ ቤተ ክርስቲያንም ዕድርም አለ። ግንቦት አጋማሽ ሳያልፍ አድርጉት፣ ከዚያ በኋላ ተማሪው ፈተና ይይዘዋል፣ ዝናቡም አይታመንም። ምግቡ ላይ ብር ካነሰ ሥጋን እርሱት፣ ለክርስቲያኑና ለሙስሊሙ ለየብቻ ማሰናዳት ስለሚመጣ ወጪው እጥፍ ነው። ድፎ ዳቦ፣ ሽሮ፣ አትክልት፣ ቡና ማንንም አያስቀይምም። ወንበር ስትከራዩ መደገፊያ ያለው ይሁን፣ መድረኩም ደረጃ አይኑረው፣ ጉልበት የለም። ድምፅ ማጉያ ስላላችሁ ለወረዳውና ለፖሊስ በትምህርት ቤቱ ደብዳቤ አሳውቁ።

ማልያ 11፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፣ ውጭ አገር ያሉ ልጆች ብር መላክ ይፈልጋሉ። አንድ ጓደኛችን «በእኔ ቴሌብር ይግባ» ብሏል። ይሻላል?

የዕድር ጸሐፊ፦
ጓደኛህ መልአክ ቢሆን እንኳ አይሁን። በግል ስልክ የገባ ብር መጨረሻው ሐሜት ነው። ዳይሬክተሩንና የወላጅ መምህራን ኅብረቱን አነጋግሩ፣ በትምህርት ቤቱ ሂሳብ ገብቶ በደረሰኝ ይውጣ። የቢሮ ነገር ነው፣ ደብዳቤው ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ሰኞ ጀምሩት። ሂሳቡ እስኪፈቀድ ድረስ ማንም ብር አይላክ፣ ማን ምን ያህል እንደሚችል ብቻ መዝግቡ። የሚችሉ ካሉ ደግሞ ከብር ይልቅ ጋቢውን ወይ ማልያውን ራሳቸው በቀጥታ ይክፈሉ፣ ደረሰኙን ኮሚቴው ይያዝ።