ዝናብ ሲጥል የሚቆራረጥ ኤዲኤስኤል፦ መዳቡን ልታገለው ወይስ ወደ 4ጂ ልዙር?

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቴ ኮተቤ ነው፤ ፋይበር እኛ መንገድ ገና አልደረሰም። ያለኝ በድሮው የመዳብ የስልክ ሽቦ የሚመጣ ኢንተርኔት (ኤዲኤስኤል) ነው። የምከፍለው ለ4 ሜጋቢት ሲሆን የሚደርሰኝ ከ1.5 አያልፍም። የሞደሙ ገጽ አቴንዌሽን (ምልክቱ በሽቦው ርዝመት የሚደክምበት መጠን) 56 ዲቢ (ዴሲቤል)፣ ኖይዝ ማርጂን (ረብሻን ለመቋቋም የቀረው ትርፍ) 5 ዲቢ ያሳያል።

መስመሩ ረጅም መሆኑ ይገባኛል። ግን ዝናብ ሲጥል ስልኩ ይንኮሻኮሻል፣ ኢንተርኔቱም ይጠፋል፤ እኔ እንደምጠረጥረው አንዱ መገጣጠሚያ ውሃ ገብቶበታል። ስፕሊተሩን (የስልኩንና የኢንተርኔቱን ምልክት የሚለየውን) ቀየርኩ። የቤት ውስጡን ሽቦ ትቼ ሞደሙን ከምሰሶው በሚመጣው ገመድ ላይ በቀጥታ አገናኘሁት፤ ያው ነው። ባለሙያም መጥቶ «ችግሩ ከሰፈሩ ሳጥን ነው» ብሎ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ዝም።

ስልኬ በረንዳ ላይ በ4ጂ 18 ሜጋቢት ያገኛል። ሳሎን ስገባ (ቆርቆሮው ይሁን ግድግዳው እንጃ) 3 ላይ ይወርዳል። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ደግሞ በረንዳውም 5 አይሞላም፤ የቪዲዮ ስብሰባዬ የሚበዛው ደግሞ ያኔ ነው።

በእናንተ ልምድ፣ ጣሪያ ላይ አንቴና የሚተከልለት የ4ጂ ራውተር የምሽቱን መጨናነቅ ይቋቋምልኛል ወይስ ሽቦው እንዲጠገን መወትወቱ ይሻለኛል?