«አማካይ» ወይስ «አማካኝ»? «መካከለኛ»ስ የት ይመደባል?

ጥያቄ፦
የማርመው ጽሑፍ ሦስት ቃላት አምታቶብኛል። ጸሐፊው በአንድ ገጽ ላይ አንዴ «በአማካይ»፣ አንዴ «በአማካኝ»፣ አንዴ ደግሞ «መካከለኛው ቁጥር» ይላል። ሁሉንም «አማካይ» ላደርጋቸው ስል ስሌቱ እምቢ አለኝ። ሠንጠረዡ አምስት ሰዎች ወረፋ የጠበቁበትን ደቂቃ እንዲህ ያሳያል፦ 2፣ 2፣ 5፣ 6 እና 35። ጽሑፉ «አማካኙ» 10፣ «መካከለኛው» 5 ነው ይላል። ይህ የቃላት ጉዳይ ነው ወይስ የሒሳብ?

መልስ፦
የሁለቱም ነው። ከቃሉ ልነሣ። ግሱ «አማከለ» ነው። በ«ለ» የሚጨርስ ግስ የአድራጊ ስም ሲወጣለት «ለ» ወደ «ይ» ትለወጣለች፦ ተከለ ተካይ፣ ነቀለ ነቃይ፣ ከፈለ ከፋይ። እንግዲህ አማከለ፣ አማካይ። «ኝ» የምትመጣው ግሱ በ«ነ» ሲጨርስ ነው፦ ለመነ ለማኝ፣ ዘፈነ ዘፋኝ። «አማከነ» የሚባል ግስ ግን አላውቅም፤ ቅርብ የሚመስለው «አመከነ» ነው፣ እርሱም መካን አደረገ ማለት ነው። ቁጥሮቹን ማምከን ካልፈለግን በቀር «አማካይ» ይሻላል። «አማካኝ» በጋዜጣም በሬዲዮም ስለ ለመደ ስሕተት ነው ብዬ አልሟገትም፤ ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ ሲቀላቀሉ ግን ዐይን ይቆረቁራሉ።

የምወደው የቃሉ አድራጊነት ነው። አማካይ መሐል የተቀመጠ ሳይሆን መሐል የሚያደርግ ነው። በእግር ኳስ ተከላካዩንና አጥቂውን የሚያገናኘው ተጫዋች አማካይ ይባላል፤ «በእርሱ አማካይነት ታረቁ» ስንልም ያው ቃል ነው። በእርስዎ ሠንጠረዥ 10 ደቂቃ የጠበቀ ሰው የለም። 35 ከ10 በ25 ይበልጣል። የቀሩት አራቱ ደግሞ ከ10 የሚጎድላቸው 8፣ 8፣ 5 እና 4 ነው፤ ሲደመር 25። ከአንዱ የተረፈው የአራቱን ጉድለት ልክ ሞላ። አማካዩ ያስታረቃቸው እንዲህ ነው።

ሌላ መልስ፦
ስለ «አማካይ» ያሉትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ «መካከለኛ» ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። «መካከለኛ ተማሪ» ስንል ጎበዝም ሰነፍም ያልሆነ ማለታችን ነው፤ «መካከለኛ ቁመት» ስንል ደግሞ የማንንም ቁመት ለክተን አይደለም። እዚህ «መካከለኛው» የተባለው የእንግሊዝኛው ሚዲያን ግን ጥብቅ ነገር ነው፤ ቁጥሮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ተሰልፈው ሰልፉን ለሁለት እኩል የሚገምሰው ነው። የቁጥሮቹ ብዛት ጥንድ ከሆነ የመሐሎቹ ሁለቱ ተደምረው ለ2 ይካፈላሉ።

ስለዚህ እኔ «አጋማሽ» የሚለውን እመርጣለሁ። «የወሩ አጋማሽ» እንላለንና ለጆሮ እንግዳ አይደለም። አወጣጡም ከላይ እንደ ተባለው ነው፦ አጋመሰ፣ አጋማሽ፤ «ለ» «ይ» እንደሆነች ሁሉ «ሰ» «ሽ» ሆነች። ጠባዩ ግን ከአማካይ ይለያል። 35ቱ 95 ቢሆን አማካዩ ወደ 22 ይዘላል፤ አጋማሹ እዚያው 5 ላይ ነው። መሐል ሰፋሪ ማለት እርሱ ነው! ሰው «መሐል ሰፋሪ» ሲባል ስድብ ነው፤ ቁጥር ሲሆን ግን አንዳንዴ ይህ ጠባይ ያስመሰግናል።

ሦስተኛ አስተያየት፦
ሞድን ረሳችሁት። ብዙ ጊዜ የተደጋገመው ቁጥር ነው፤ እዚህ 2 ማለት ነው። ቃሉን በዚህ ትርጉም ለስታቲስቲክስ ያበጀው እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ካርል ፒርሰን ነው፣ በ1895 እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር። በፈረንሳይኛ ሞድ ፋሽን ማለት ነው፤ ብዙ ሰው የያዘው ነገር። በእኛ «ዘውታሪ» ቢባል ደስ ይለኛል፣ «የዘወትር ልብስ» ከምንለው ጋር ይዛመዳልና። መደመርና ማካፈልም ሆነ በቅደም ተከተል መደርደር አይጠይቅም፤ ለቀለምም ለስምም ይሠራል።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «አማካይ»ን ለ10፣ «አጋማሽ»ን ለ5 አደረግሁና የእጅ ጽሑፉን ከታተመው ጋር አስተያየሁት። ጉድ ነው፤ 35 የተባለው 5 ኖሯል፣ መተየቢያው ላይ 3 ሾልካ ገብታ ነው። አሁን አማካዩ ከ10 ወደ 4 ወረደ፤ አጋማሹ ንቅንቅ አላለም። ነገር ግን 2ም ሁለት ጊዜ፣ 5ም ሁለት ጊዜ መጣ። ዘውታሪው የትኛው ሊሆን ነው?

ሦስተኛ አስተያየት፦
ሁለቱም ወንድሜ። «ዘውታሪዎቹ 2 እና 5 ናቸው» ብለው በብዙ ቁጥር ይጻፉት።