ባለ 3 መኝታ ቤት ፍለጋ ጨንቆኛል፣ ምክራችሁን

ሰላም ለሁላችሁም። አዲስ አበባ፣ ሰሚት አካባቢ ባለ 1 መኝታ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ነው የምንኖረው። ሁለት ልጆች አሉን። እናቴ ታመው ከጎንደር ስለመጡ አሁን አምስት ሆነናል። ልጆቹ ሳሎን ነው የሚተኙት፤ እማዬ ሌሊት በተነሱ ቁጥር ልጆቹ ይረበሻሉ። በጣም ያሳዝነኛል።

ባለ 3 መኝታ መፈለግ ከጀመርን ሁለት ወር አለፈን። ያየናቸው ሁሉ ከ30 ሺህ ብር በላይ ናቸው፤ እኛን ከ22 ሺህ በላይ ይከብደናል። በስንት ልመና አንዱ በ25 ሺህ ተስማማልን። ግን የስድስት ወር ቅድሚያ አምጡ አለ። 150 ሺህ ብር ማለት ነው! የደላላው ኮሚሽን ገና አልተቆጠረም።

በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መጠየቅ እንደማይቻል አውቃለሁ። ውሉም ቢያንስ ለሁለት ዓመት ሆኖ መመዝገብ አለበት። ይህን ሳነሳ ግን አከራዩ «ካልተመቻችሁ ሌላ ሰው አለ» አለኝ። ምን ልበለው?

እንዲህ ያጋጠማችሁ ካላችሁ እንዴት ተወጣችሁት? ወረዳ ሄዶ ማመልከት ቤቱን ያሳጣኛል ወይስ ይረዳኛል? ቦሌ አራብሳ ይረክሳል የሚሉኝ አሉ፤ የልጆቹ ትምህርት ቤት ግን ገርጂ ነው። ከአራብሳ ገርጂ በታክሲ የሚመላለስ ሰው ካለ፣ ጠዋት ስንት ሰዓት እንደሚነሳና በወር ለትራንስፖርት ስንት እንደሚያወጣ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል። እማዬ ደረጃ መውጣት ስለማይችሉ ምድር ቤት ወይም አንደኛ ፎቅ መሆን አለበት። እስከ አርብ መልስ መስጠት አለብኝ።