አምስቱ ዓመት፦ ወረራ ወይስ ቅኝ ግዛት?

የጉለሌዋ እናት፦ የ9ኛ ክፍል ልጄ «ኢትዮጵያ ቅኝ ተገዝታ አታውቅም፤ እውነት ወይስ ሐሰት» ለሚል የፈተና ጥያቄ «ሐሰት» ብሎ ኤክስ ተደረገበት። «ጣሊያን አምስት ዓመት ገዝቶን የለም እንዴ?» ይለኛል። ምን ልበለው?

የአርበኛ የልጅ ልጅ፦ ተሳስተሃል በይው እህቴ። ቅኝ ገዢ አገሩን ጨብጦ ተደላድሎ የሚኖር ነው። ጣሊያን መቼ ተደላደለ? ጎጃም በላይ ዘለቀ፣ ሸዋ አበበ አረጋይ እያሉ? አያቴ «ከመኪና መንገድ ከራቀ እንቅልፍ የለውም» ይሉ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 አዲስ አበባ ገባ፤ ልክ በአምስት ዓመቱ፣ በዚያችው ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተመለሱ። ኤርትራን ግን ከ1882 ጀምሮ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያዘ። ቅኝ ግዛት ያ ነው።

መምህር፣ ከደሴ፦ ወንድሜ፣ አያትህን አከብራለሁ። ነገር ግን መዋጋት ቅኝ አገዛዝን አያስቀርም። ሊቢያውያን ሃያ ዓመት ያህል ተዋግተዋል፤ መሪያቸው ዑመር ሙክታር በ1924 እስኪሰቀል ድረስ። ሊቢያ ቅኝ አልተገዛችም የሚል ግን አልሰማሁም። ያን ጊዜ እዚያ ጦሩን የመራው ግራዚያኒ ነው፤ የካቲት 12 ቀን 1929 አዲስ አበባን በደም ያጠበውም እሱ ነው። አገዛዙንም ተመልከት። እንግሊዝ ሰሜን ናይጄሪያን በአገሬው ገዢዎች፣ በአሚሮቹ በኩል ነበር የሚገዛ። ሙሶሊኒ ግን ለራሶቹ ሥልጣን እንዳይሰጥ ከለከለ። ትግራይን ከኤርትራ፣ ኦጋዴንን ከሶማሊያ ቀላቀለ። ከአፍሪካዊት ጋር እንደ ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይታሰር የሚል ሕግ አወጣ። ገበያውን ከአራዳ አንሥቶ አበሻውን ወደ ዛሬው መርካቶ ገፋው። ይህ ሁሉ ለጊዜው የሰፈረ ጦር ሥራ ነው?

ከሮም፦ ሕግ ስላጠናሁ አንድ ነገር ልጨምር። መምህር የገለጹት አሠራሩን ነው፤ እሱ ላይ አልከራከርዎትም። በሕግ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጣሊያን ኢትዮጵያን መያዟን እንግሊዝ ስታውቅላት አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረትና ሜክሲኮ እምቢ ብለዋል። በ1939 በተፈረመው የፓሪስ የሰላም ውል ደግሞ ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር የጦር ካሳ እንድትከፍል ተወሰነ። ለኤርትራ፣ ለሊቢያና ለሶማሊያ ግን እንዲህ ያለ ካሳ አልተጻፈም፤ ጣሊያን መብቷን ተወች፣ አለቀ። ቆቃ ግድብ የተሠራው ከዚያ ካሳ ነው። «ወረራ» የሚለውን ቃል እንዲሁ አንጣለው የምለው ለዚህ ነው።

የአርበኛ የልጅ ልጅ፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

መምህር፣ ከደሴ፦ ስለ ሕጉ ተቀብያለሁ። ግን ፈተናው ስለ ሕግ ነው የጠየቀው ወይስ ሰው ስለኖረው ኑሮ? በ«እውነት» እና «ሐሰት» የሚጠየቅ አይደለም። ልጁ ኤክስ አይገባውም ነበር።

የጉለሌዋ እናት፦ አስነበብኩት። ዝም ብሎ ቆየና «እኛ ካሳ ያገኘነው ወረራ ስለተባለ ከሆነ፣ ሃምሳ ዓመት የተገዙት ኤርትራውያን ለምን አላገኙም?» አለኝ። ለዚህ ማን ይመልስልኝ?