የለውዝ አለርጂ፦ ዱቄቱ ይሻላል ወይስ መርፌው?

የናቲ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 6 ዓመቱ ነው፤ ለውዝ አይስማማውም። ሕፃን ሆኖ የለውዝ ቅቤ ቀምሶ ፊቱ አብጦ ድንገተኛ ክፍል አድረናል። አሁን ሐኪሙ ሁለት ምርጫ ሰጠን። አንዱ የለውዝ ዱቄት በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ እያበሉ ሰውነቱን ማለማመድ ነው። ሌላው ኦማሊዙማብ የሚባል መርፌ። ለክረምት አዲስ አበባ አያቱ ጋ እንሄዳለን። እዚያ ደግሞ ቆሎው ውስጥ ለውዝ፣ ካፌው የለውዝ ሻይ። የሞከራችሁ፣ የቱን ትሉኛላችሁ?

ሳሮን፦
እኛ ዱቄቱን ከጀመርን ዓመት አልፎናል። መጠኑ በሚጨመርበት ቀን ክሊኒክ ወስደን እዚያው እንጠብቃለን። ቤት ስንሰጣት ከበላች በኋላ ሩጫ የለም፣ ሙቅ ሻወር የለም። ትኩሳት ካላት መጀመሪያ ለሐኪሟ እንደውላለን። በፊት በፊት ሆዷን ይቆርጣት ነበር። አሁን አንድ ፍሬ የሚያህል ትችላለች። እንደልቧ ትብላ ማለት ግን አይደለም፤ በስህተት ብትቀምስ እንዳትጎዳ ነው። ከሁሉ የከበደኝ ሌላ ነው፦ «ለውዝ እንዳትነኪ» እየተባለች ያደገች ልጅ በየጠዋቱ «ብይ» ስትባል ማየት።

ጋሽ በላይ፦
እኛ ለውዝ እየቆረጠምን አይደል እንዴ ያደግነው? አሞላቃችኋቸው።

ነርሱ፦
ጋሽ በላይ፣ ይሄ የማሞላቀቅ ነገር አይደለም። የናቲ እናት፣ አለርጂውን የሚያስነሳው አይጂኢ የሚባል ፀረ እንግዳ አካል ነው። መርፌው እሱን ደም ውስጥ እንዳለ ይይዘዋል። አሜሪካ ውስጥ ከ1 ዓመት በላይ ላሉ የምግብ አለርጂ ሕመምተኞች የተፈቀደው በየካቲት 2024 (እ.ኤ.አ.) ነው። በጥናቱ መርፌውን ከወሰዱት 67 በመቶው 600 ሚሊግራም የለውዝ ፕሮቲን ችለዋል፤ ሁለት ሦስት ፍሬ ማለት ነው። መድኃኒት የሌለበት ባዶ መርፌ ከተወጉት የቻሉት 7 በመቶ ብቻ ናቸው። ወተትና እንቁላል ለማይስማማውም ይረዳል። ችግሩ በየ2 ወይም በየ4 ሳምንቱ መወጋት አለበት፤ ሲቆም ጥበቃውም ይቆማል። ለጉዞው ከሆነ መርፌው የሚቀል ይመስለኛል። ዱቄቱን ልትሄዱ ስትሉ ባትጀምሩት ይሻላል። የትኛውንም ብትመርጪ፣ አለርጂው በድንገት ሲነሳ የሚወጋውን ኤፒኔፍሪን የሚባል መርፌ ሁለት አድርገሽ በእጅ ቦርሳሽ ያዢ። ሻንጣ ውስጥ አትክተቺው።

ተጓዥ (አሽዶድ፣ እስራኤል)፦
ጋሽ በላይ ግማሽ እውነት አላቸው። እዚህ ሕፃናት ጥርስ ሳያበቅሉ ባምባ የሚባል የለውዝ መክሰስ ይበላሉ። በ2008 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት የለንደን አይሁድ ልጆችን ከእዚህኞቹ ጋር ሲያነጻጽር፣ የለንደኖቹ የለውዝ አለርጂ 10 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ለውዝ ቶሎ ማስጀመሩ ለንደን ውስጥ 640 ሕፃናት ላይ ተሞከረ። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱ ሲወጣ፣ ቶሎ የጀመሩት ላይ አለርጂው 80 በመቶ ያህል ቀንሷል። ይሄ ግን አለርጂው ሳይመጣ ነው። ለናቲ አይሆንም።

የናቲ እናት፦
እህቱ 5 ወሯ ነው! እኔ እኮ ለእሷም ቤት ውስጥ ለውዝ የሚባል አላስገባም ብዬ ነበር።

ነርሱ፦
ከባድ ኤግዚማ (ቆዳ የሚያሳክክና የሚያቀላ ሕመም) ወይም የእንቁላል አለርጂ ካለባት መጀመሪያ ትመርመር። ሐኪሟ እሺ ካለ በደንብ የቀጠነ የለውዝ ቅቤ ነው የሚሰጣት። ፍሬውን እንዳትሰጫት፣ ያንቃታል። ናቲ አጠገብ ደግሞ አይሁን፤ እጅና ማንኪያ በደንብ ይታጠብ።

የናቲ እናት፦
ሰኞ ቀጠሮ አለን፤ ሁለቱንም ልጆች ይዤ እሄዳለሁ። አሁን የቀረኝ አያትየው ናት። ቆሎውን ከአሁኑ ማስቆላት ጀምራለች፤ ማን ይንገርልኝ?